የቀን መንገድና የጉዞ መስመር፦ ከኦክስፎርድ እስከ ገዳሪፍ

በቀድሞው ዘመን ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርድ ነጋዴ «መንገዱ ምን ያህል ይርቃል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱን የሚሰጠው በቀን ነበር። ከጎንደር ጭልጋ ይህን ያህል ቀን፣ ከጭልጋ ወህኒ ይህን ያህል፣ ከወህኒ መተማ ደግሞ ይህን ያህል እያለ ይቆጥራል። የጭነት ከብቱ የሚያዘግምበት ዳገት፣ ቀረጥ የሚጠየቅበት ኬላ፣ ውኃው እስኪጎድል የሚጠበቅበት ወንዝ፣ ሁሉም በዚያ ቁጥር ውስጥ ተካተዋል። «የአንድ ቀን መንገድ» የሚለው አነጋገር ርቀትንና ጊዜን በአንድ ላይ ያሰረ በመሆኑ፣ ተናጋሪው ሳያውቀው ስለ ፍጥነት ይናገር ነበር ማለት ይቻላል።

ዛሬ በዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ተማሪው የሚያገኘው የጉዞ ግራፍ ይህንኑ አነጋገር በሥዕል ያስቀመጠ ነው። አግድም የተሰመረው መስመር ጊዜን፣ ወደ ላይ የቆመው መስመር ደግሞ ከመነሻው ያለውን ርቀት ያሳያል። መንገደኛው ሲፈጥን መስመሩ እንደ ተራራ ቀጥ ይላል፤ ሲያዘግም እንደ ሜዳ ዳገት ይለዝባል፤ ሲቆም ፍጹም አግድም ይሆናል፤ ወደ ኋላ ሲመለስም ወደ ታች ይወርዳል። ከዚህ የሚቀልል ሥዕል ያለ አይመስልም። ሆኖም የሰው ልጅ ወደዚህ ሥዕል ለመድረስ ብዙ መቶ ዓመታት ፈጅቶበታል። ከጎንደር በመተማና በገላባት አድርጎ ገዳሪፍ የሚደርሰው ጥንታዊ መንገድም የዚህን ሥዕል ትርጉም ከብዙ የትምህርት ቤት ምሳሌ ይበልጥ ያስረዳል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልተለካው ሥዕል

በጥንት ዘመን ስለ እንቅስቃሴ የተመራመሩት ሊቃውንት ጥያቄያቸው «ለምን ይንቀሳቀሳል?» የሚል ነበር። «በምን ዓይነት ሥርዓት ፍጥነቱ ይለዋወጣል?» የሚለው ጥያቄ ዘግይቶ መጣ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የባግዳዱ ፈላስፋ አቡል በረካት አል ባግዳዲ፣ አንድ ኃይል ያለ ማቋረጥ ሲገፋ የሚገፋው ነገር ፍጥነት እየጨመረ እንደሚሄድ ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ ጭማሪውን በቁጥር የሚያስርበት ደንብ አልሰጠም።

ደንቡ የተገኘው በ14ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ በኦክስፎርድ መርተን ኮሌጅ ከነበሩት መምህራን ዘንድ ነው። ከእነዚህ አንዱ ዊልያም ሄይትስበሪ በ1335 በጻፈው መጽሐፍ አንድ ሐሳብ አሰፈረ። ይኸውም ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነቱን በእኩል መጠን እየጨመረ የሚሄድ ነገር የሚያቋርጠው ርቀት፣ በዚያው ጊዜ ውስጥ ከመጨረሻው ፍጥነቱ በግማሹ ሳያቋርጥ የሚሄድ ሌላ ነገር ከሚያቋርጠው ርቀት ጋር እኩል ነው የሚል ነበር።

ይህን በቃል የተነገረ ደንብ ለዓይን እንዲታይ ያደረገው ፈረንሳዊው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ኒኮል ኦሬም ነው። በ1350ዎቹ ገደማ፣ በኢትዮጵያ ዐፄ ሰይፈ አርዕድ በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው፣ ኦሬም ጊዜን በአግድም መስመር ወከለ። በእያንዳንዱ ቅጽበት ያለውን ፍጥነት ደግሞ በዚያ መስመር ላይ በቆሙ ቋሚዎች አመለከተ። ፍጥነቱ በእኩል መጠን ሲጨምር የቋሚዎቹ ጫፍ ተያይዞ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ይህ ሦስት ማዕዘን የሚይዘው ስፋት፣ ቁመቱ ግማሽ ከሆነ አራት ማዕዘን ስፋት ጋር እኩል ነው። ስፋቱ የተሄደው ርቀት ነውና የመርተን መምህራን ደንብ በአንድ ሥዕል ተረጋገጠ። ዛሬ ተማሪ «ከፍጥነት መስመር በታች ያለው ስፋት ርቀት ነው» ብሎ የሚሸመድደው ይኸው የኦሬም ሐሳብ ነው።

ይሁንና ኦሬም አንዳች ነገር አልለካም። ሥዕሉ በአእምሮ የታሰበ እንጂ ከእውነተኛ ድንጋይ ወይም ከእውነተኛ ፈረስ ጉዞ የተወሰደ አልነበረም። ሦስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ሥዕሉ በመጻሕፍት ውስጥ ሲቀመጥ፣ «በዓለም ላይ በእውነት እንዲህ የሚጓዝ ነገር አለን?» ብሎ በልኬት የፈተነው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስፔናዊው ዶሚንጎ ደ ሶቶ በ16ኛው ክፍለ ዘመን «ከላይ የሚወድቅ ነገር እንዲህ ነው የሚወርደው» ቢልም ማስረጃውን በሙከራ አላቀረበም።

ኳሱና የውኃው ሰዓት

ሙከራውን የሠራው ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ ጋሊሊ ነው። የሚወድቅ ነገር ለዓይን ስለሚፈጥን፣ ጋሊሊዮ ውድቀቱን አለዘበው። ወደ 12 ክንድ በሚረዝም እንጨት ላይ ለስላሳ ቦይ አስቦረቦረና እንጨቱን አዘንብሎ የነሐስ ኳስ በቦዩ ለቀቀ። የደቂቃ ክፍልፋይ የሚቆጥር ሰዓት በዘመኑ ስላልነበረ ጊዜን በውኃ ለካ። ከትልቅ ዕቃ በቀጭን ቧንቧ የሚወርደውን ውኃ ኳሱ እስኪደርስ ድረስ አጠራቅሞ በሚዛን መዘነው፤ የውኃው ክብደት የጊዜው ልክ ሆነ።

ያገኘው ውጤት የሚገርም ነበር። ኳሱ በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል 1 ርቀት ቢሄድ፣ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7 ይሄዳል። ሲደመር 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይሆናል። ይህም ርቀቱ ከጊዜው ጋር ሳይሆን ጊዜው በራሱ ተባዝቶ ከሚገኘው ቁጥር ጋር እኩል እያደገ እንደሚሄድ ያሳያል። ዛሬ በሰሌዳ ላይ «ርቀት እኩል ነው የፍጥንጥነት ግማሽ ሲባዛ በጊዜ፣ ዳግመኛ በጊዜ» ተብሎ የሚጻፈው ቀመር ሥሩ ይህ ነው። ፍጥንጥነት ማለት ፍጥነት በእያንዳንዱ የጊዜ ክፍል የሚጨምርበት ወይም የሚቀንስበት መጠን ነው።

ጋሊሊዮ ይህን የያዘውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1638 በሆላንድ ከተማ በላይደን ነው። በዚያን ጊዜ ከቤቱ እንዳይወጣ ተፈርዶበት፣ የዓይኑም ብርሃን ጠፍቶ ነበር። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ ገና ጥቂት ዓመታት መቆጠራቸው ነው። በአውሮፓ የእንቅስቃሴ ደንብ ሲጻፍ በዚህ ወገን ደግሞ ከጎንደር ወደ ስናር የሚያመራው የንግድ ጎዳና ወደ ሰፊ ታሪኩ ይገባ ነበር።

ጥላ፣ ደወልና ድንበር

የጉዞ ግራፍ ለመሳል ሁለት መለኪያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለርቀት፣ ሌላው ለጊዜ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ዘንድ የጊዜ ልክ ከጥንት ጀምሮ ታስቦበታል። ሰው በራሱ እግር ጥላውን እየሰፈረ የቀኑን ሰዓት የሚያውቅበት ሠንጠረዥ በብራና መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ጥላው እንደ ወሩ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር ለየወሩ የተለየ ቁጥር ተሰጥቶታል። ይህ ለጸሎት ሰዓት የሚበቃ ልክ ነው። ለነጋዴውም ቀኑ በቂ ነበር። የደቂቃን ጥያቄ ወደዚህ አካባቢ ያመጣው ባቡሩ ነው፤ ስለ እሱ ኋላ ይነሣል።

የጊዜ መለኪያ አንድ ካልሆነ ግራፍ እንደሚበላሽ ግን የገላባትና የመተማ ሰው በየቀኑ ያየዋል። ሱዳን በጃንዋሪ 2000 ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፍታ ከኢትዮጵያ ጋር አንድ አድርጋ ነበር፤ በኖቬምበር 1 ቀን 2017 ደግሞ ወደ ቀድሞው መለሰችው። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ አገሮች መካከል የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ። ከመተማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተነሥቶ በአሥር ደቂቃ ገላባት የገባ ሰው፣ በዚያ የሚያገኘው ሰዓት በሐበሻ አቆጣጠር 2 ሰዓት ከ10 ነው። በመተማው ሰዓት መነሻውን፣ በገላባቱ ሰዓት መድረሻውን መዝግቦ ግራፍ የሚስል ሰው መንገደኛውን ከመነሣቱ ሃምሳ ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ ያስመስለዋል። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ትምህርት የመጀመሪያ ደንብ «አንድ መነሻ፣ አንድ ሰዓት» የሚለው ነው። የቀረው ቀመር ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

አማካይ የሚደብቀው

በዚህ መንገድ ላይ ከተጓዙትና ቀናቸውን ጠብቀው ከመዘገቡት አንዱ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ ጎንደርን የለቀቀው በዲሴምበር 26 ቀን 1771 ሲሆን ስናር የገባው በኤፕሪል 29 ቀን 1772 ነው፤ በመካከሉ 125 ቀን ይቆጠራል። ከጎንደር እስከ ስናር በቀጥታ ቢለካ 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ለቀኑ ሲካፈል የሰውየው አማካይ ፍጥነት በቀን ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ጤነኛ ሰው ይህን በአንድ ሰዓት ውስጥ በእግሩ ይጨርሰዋል።

ታዲያ ብሩስ በቀን ከአንድ ሰዓት በታች ብቻ ይጓዝ ነበርን? አልነበረም። በተጓዘባቸው ቀናት ረጅም መንገድ ይሄድ ነበር። ቀኖቹን የበላው መቆሙ ነው። ከመተማ አቅራቢያ በነበረችውና ራሱ ሆርካካሙት ብሎ በጻፋት መንደር በተቅማጥ ታሞ ሁለት ወር ገደማ ተኝቷል፤ የመንደሯን ስም «የሞት ጥላ» ብሎ ተርጉሞታል። ከዚያም በዛሬዋ ገዳሪፍ አውራጃ በነበረችው ጤዋ የአትባራው ሼኽ ገንዘብ እየጠየቀ ለሳምንታት አላሳልፍም ብሎታል። የብሩስ ጉዞ በግራፍ ቢሣል እዚህም እዚያም አጫጭር ዳገቶች፣ በመካከላቸው ደግሞ ረጃጅም አግድም መስመሮች ይታያሉ።

አማካይ ፍጥነት ሐሰት አይናገርም፤ ነገር ግን ብዙ ይደብቃል። መነሻንና መድረሻን በአንድ ቀጥ ያለ ክር አገናኝቶ፣ በመካከል የሆነውን ሁሉ ከክሩ በታች ይቀብረዋል። ግራፉ ግን በየቀኑ የት እንደነበረ ስለሚያሳይ መንገደኛው የት እንደታመመ፣ የት እንደታገተ በዓይን ያመለክታል። የጉዞን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከአማካዩ ይልቅ ወደ ግራፉ ማዘንበል ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለት መስመር ሲገናኝ

የጉዞ ግራፍ ከመምህራን ሰሌዳ ወርዶ የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት መሣሪያ የሆነው በባቡር ዘመን ነው። በ1840ዎቹ ኢብሪ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የባቡሮችን ጉዞ በአንድ ገጽ ላይ በመስመር የማሳየት ዘዴ እንደ ጀመረ ይነገርለታል። ፈረንሳዊው የሥነ አካል ሊቅ ኤቲዬን ዡል ማሬ በ1878 ስለ ግራፍ ዘዴ ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ሥዕል አስተዋወቀው። በአንደኛው ጠርዝ ከፓሪስ እስከ ሊዮን ያሉት ጣቢያዎች እንደ ርቀታቸው ተደርድረዋል፤ በሌላው ጠርዝ ሃያ አራቱ ሰዓታት ተሰምረዋል። እያንዳንዱ ባቡር አንድ ዘንበል ያለ መስመር ነው። ፈጣኑ ባቡር ቀጥ ይላል፤ ዘገምተኛው ይጋደማል፤ በየጣቢያው የሚቆምበትም አጭር አግድም ሆኖ ይታያል።

ሥዕሉ ትልቅ ዋጋ ያገኘው ሐዲዱ አንድ ብቻ በሆነበት አገር ነው። በምሥራቅ ሱዳን የተዘረጋው መስመር እንዲህ ያለ ነው። ከፖርት ሱዳን መስመር ላይ ከሃያ ተገንጥሎ በ1924 ከሰላ የደረሰው ሐዲድ በ1928 ገዳሪፍ ገባ፤ በ1929 ደግሞ ስናር ደርሶ ከምዕራቡ መስመር ጋር ተገናኘ። በኢትዮጵያ በኩል በ1917 አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ባቡርም ባለ አንድ ሐዲድ ነበር። በእንዲህ ያለ መስመር ላይ ከወዲህና ከወዲያ የሚመጡ ባቡሮች የሚተላለፉት ጎን ለጎን ሁለተኛ ሐዲድ ባለበት ጣቢያ ብቻ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በ60 ኪሎ ሜትር የሚራራቁ ሁለት ጣቢያዎች አሉ እንበል። ከአንደኛው በ1 ሰዓት የተነሣ ባቡር በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከሌላው በ2 ሰዓት የተነሣ የጭነት ባቡር በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር እየሄደ ይመጣል። ሁለተኛው ሲነሣ የመጀመሪያው 30 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ የቀራቸውን 30 ኪሎ ሜትር ሁለቱ ተጋግዘው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያጠቡታል። ስለዚህ በ36 ደቂቃ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ጣቢያ 48 ኪሎ ሜትር ላይ ይገናኛሉ። በግራፉ ላይ ይህ ሁለት መስመር የሚቋረጥበት ነጥብ ነው። በሐዲዱ ላይ ግን ግጭት ነው። መተላለፊያው 40ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ባቡር እዚያ በ2 ሰዓት ከ20 ደርሶ፣ ሁለተኛው በ3 ሰዓት እስኪገባ ድረስ 40 ደቂቃ መቆም አለበት። ያ የ40 ደቂቃ አግድም መስመር በግራፉ ላይ ባይሰመር ኖሮ መንገደኛው በሕይወት አይደርስም ነበር።

የገዳሪፍ ማሽላና ሰሊጥ ለዓመታት ወደ ወደብ የተጓዘው በዚህ ሐዲድ ነው። በተለይም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በ1944 ገደማ በገዳሪፍ ሜዳ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ሲጀመር ሐዲዱ የከተማይቱ የደም ሥር ሆነ። ዛሬ ያ መስመር የቀድሞ አገልግሎቱን አይሰጥም፤ ጭነቱም ሰዉም ወደ አስፋልቱ ዞሯል።

የፍሬኑ ሦስት ማዕዘን

በአስፋልት ላይም የኦሬም ሦስት ማዕዘን ይከተላል። ከገዳሪፍ ወደ ገላባት የሚሄድ የጭነት መኪና በጨለማ መንገድ ላይ የቆመ ከብት ቢያይና ፍሬን ቢይዝ፣ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሴኮንድ በእኩል መጠን ይቀንሳል እንበል። የፍጥነቱ መስመር ወደ ታች ይወርዳል፤ ከመስመሩ በታች የሚታየው ሦስት ማዕዘን መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ነው።

መኪናው በሴኮንድ 10 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይሄድ ከነበረና ፍሬኑ በየሴኮንዱ 4 ሜትር በሴኮንድ የሚቀንስለት ከሆነ፣ በሁለት ሴኮንድ ተኩል ይቆማል፤ የሦስት ማዕዘኑ ስፋትም 12 ሜትር ተኩል ነው። ፍጥነቱ እጥፍ፣ ማለትም በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ቢሆንስ? ብዙ ሰው «ርቀቱም እጥፍ ይሆናል» ይላል። ነገር ግን የሦስት ማዕዘኑ ቁመት ብቻ ሳይሆን መሠረቱም ጭምር እጥፍ ሆኗል፤ ለመቆም 5 ሴኮንድ ይፈጃል። ስለዚህ ርቀቱ አራት እጥፍ፣ 50 ሜትር ይሆናል። ሹፌሩ ከብቱን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪደርስ አንድ ሴኮንድ ቢያልፍ ደግሞ በመጀመሪያው 10፣ በሁለተኛው 20 ሜትር ይጨመራል። በድምሩ አንዱ በ22 ሜትር ተኩል፣ ሌላው በ70 ሜትር ይቆማል ማለት ነው። የመኪናው መብራት 50 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ የመጀመሪያው ሹፌር ይተርፋል፤ ሁለተኛው ግን ከብቱን ያየው ዘግይቶ ነው። ጋሊሊዮ በእንጨት ቦይ ላይ ያገኘው የ1፣ የ4፣ የ9 ደንብ በዚህ መንገድ ላይ የሞትና የሕይወት ደንብ ሆኖ ይሠራል።

የቆመው መስመር

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የዚህ አካባቢ ጉዞ ግን በ1984ና በ1985 የታየው ነው። ረሃቡና ጦርነቱ ከትግራይ፣ ከወልቃይት፣ ከጎንደር ገጠሮች በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ወደ ሱዳን አፈለሰ። ከአየር ድብደባና ከጠባቂ ዓይን ለመሸሸግ ብዙው የተጓዘው በሌሊት ነው። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ሽማግሌ፣ በሽተኛ በአንድ ቅፍለት ውስጥ ስለሚሄዱ የቅፍለቱ ፍጥነት የደካማው ፍጥነት ነበር። የብዙዎቹ ሳምንታት የፈጀ ጉዞ በገዳሪፍ ዙሪያ ባሉ መጠለያዎች፣ በኡም ራኩባ፣ በቱዋዋ፣ በወድ ከውሊ ላይ ቆመ።

ከነዚህ መንገደኞች መካከል ከአሥር ሺህ ያላነሱ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 በተካሄደው «ዘመቻ ሙሴ» በሺዎች የሚቆጠሩት ከመጠለያዎቹ በአውቶቡስ ወደ ካርቱም ተወስደው በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ፣ ከዚያም ወደ እስራኤል ተሻገሩ። ነገሩ በጋዜጣ ሲገለጥ በረራው ተቋረጠ። በማርች 22 ቀን 1985 ደግሞ የአሜሪካ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ከገዳሪፍ አጠገብ ካለ የአየር ማረፊያ 500 ገደማ የቀሩትን ወሰዱ። በጉዞውና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ቤተ እስራኤላውያን 4,000 ገደማ ናቸው ተብሎ ይታመናል።

ይህ ጉዞ በግራፍ ቢሣል ሦስት ክፍል ይኖረዋል። የመጀመሪያው ለስላሳ ዳገት ነው፤ የሳምንታት የእግር መንገድ። የመጨረሻው ከወረቀቱ የሚያመልጥ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ የሰዓታት በረራ። በመካከላቸው ያለው አግድም መስመር ደግሞ ወራት፣ ለአንዳንዱም ከዓመት በላይ ነው። የጉዞው ተረት ሲተረት የሚወሳው አብዛኛውን ጊዜ እግሩና አውሮፕላኑ ነው፤ እነሱ እንቅስቃሴ ናቸውና። ሞቱ ግን በመንገድ ላይ ብቻ አልነበረም። ኩፍኝና ተቅማጥ፣ ወባና የምግብ እጦት ሕዝብን የጨረሱት ሰው በቆመበት፣ የፍጥነት ቁጥሩ ዜሮ በሆነበት ስፍራ ጭምር ነው።

በትምህርት ቤት ፈተና «አግድም መስመር ምን ያሳያል?» ተብሎ ሲጠየቅ «የማይንቀሳቀስ ነገር» የሚለው መልስ ሙሉ ነጥብ ያሰጣል። መልሱም ትክክል ነው። ነገር ግን በግራፉ ላይ ርቀቱ ሲቆም ጊዜው አይቆምም፤ የአግድሙ መስመር ርዝመት ራሱ ቁጥር ነው። ከጤዋ የሼኽ ግቢ ጀምሮ እስከ ኡም ራኩባ የዚህ መንገድ ታሪክ ብዙው የተጻፈው በዚያ ርዝመት ላይ ነው።

ወደ ታች የወረደው መስመር

ከዚያ ወዲህም መንገዱ አላረፈም። በኖቬምበር 2020 በትግራይ ጦርነት ሲነሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ50 ሺህ በላይ ሰው በሐምዳይትና በሉግዲ በኩል ሱዳን ገባ። ለቀድሞዎቹ ስደተኞች መጠለያ የነበረው ኡም ራኩባ እንደገና ተከፈተ፤ በ1984 ወላጆቻቸው ባረፉበት ሜዳ ልጆቻቸው ድንኳን ተከሉ። በ2021 መጀመሪያ ደግሞ ቱናይድባህ የተባለው መጠለያ ተጨመረ።

በኤፕሪል 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳ ግን ግራፉ አቅጣጫውን ለወጠ። ከካርቱም የሸሸው ሱዳናዊ ገዳሪፍን ሞላት። ሌላው ከገዳሪፍ አልፎ በገላባት በኩል መተማ ገባ፤ በአማራ ክልልም ኩመርና አውላላ በተባሉ ቦታዎች መጠለያ ተዘጋጀ። መነሻው ጎንደር ተብሎ በተሣለ ግራፍ ላይ ይህ ወደ ታች የሚወርድ መስመር ነው። የፊዚክስ መጽሐፍ ይህን «አሉታዊ ፍጥነት» ይለዋል። አሉታዊ ማለት ግን መጥፎ ወይም ዝቅተኛ ማለት አይደለም፤ መነሻ ተብሎ ወደ ተመረጠው ቦታ መመለስ ማለት ብቻ ነው። መነሻው ካርቱም ተብሎ ቢሣል ያው ጉዞ ሽቅብ ይወጣል። የማን ጉዞ ወደ ላይ፣ የማን ወደ ታች እንደሚሣል የሚወስነው መነሻውን የመረጠው ሰው ነው፤ የመንገደኛው ድካም በሁለቱም ያው ነው።

በዚህ ድንበር ግራና ቀኝ ለሚኖር አማርኛ አንባቢ የጉዞ ግራፍ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባም። አያቶቹ «የስንት ቀን መንገድ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ቀኖቹን የቆጠሩት የሄዱበትንም የቆሙበትንም ጨምረው ነበር። ኦክስፎርድ ደንቡን፣ ኦሬም ሥዕሉን፣ ጋሊሊዮ ልኬቱን፣ የባቡር መሐንዲሱ ደግሞ ጥቅሙን ሰጡ። በምሥራቅ ሱዳን መንገድ ላይ ያለፉት ሰዎች ያከሉት አንድ ነገር አለ። የመጣን መንገደኛ ለሚቀበል ሰው ከ«ስንት ኪሎ ሜትር መጣህ?» አስቀድሞ የሚጠየቅ ጥያቄ «ስንት ቀን ቆመህ ነበር?» የሚለው ነው።